በንዴትና በቁጣ መካከል
(ስለ አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በማኅበራችን የንባብ ክፍል ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ፍጹም አይደለም። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ጉድለቱንም አልሸሽግላችሁም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከጀመሩት እስኪጨርሱት ድረስ ከእጅ የማይወርድ፤ ከጨረሱትም በኋላ ከጓደኛ ጋራ የሚያሟግት መጽሐፍ ነው። ፍጹም የሆነ መጽሐፍ አድናቆት ይተርፈዋል፤ ጉድለት ያለበት መልካም መጽሐፍ ግን ክርክር ይወልዳል። እኛም እዚህ የተሰበሰብነው ለመከራከር ስለ ሆነ ይኸኛውን መረጥሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መጽሐፉ «ዘ ፓወር» ይባላል። የጻፈችው በ1974 በለንደን የተወለደችው ናኦሚ አልደርማን ናት። በ2016 ታተመ፤ በ2017 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ለሴቶች ደራስያን የሚሰጠውን የቤይሊስ ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ በፊት ይህን ሽልማት ያገኘ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አልነበረም። አልደርማን ስትጽፈው ካናዳዊቱ ታላቅ ደራሲ ማርጋሬት አትዉድ ትመክራት ነበር። በ2023 ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ተለውጧል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በዓለም ያሉ ልጃገረዶች በድንገት ከእጃቸው ኤሌክትሪክ ማውጣት ይጀምራሉ። ከአንገታቸው ሥር፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ የተጋደመ እንደ ፈትል የተጠማዘዘ ጡንቻ ይገኝባቸዋል፤ ደራሲዋም ስሙን ከፈትል ወስዳለች፤ በእኛ ቋንቋ «ልቃቂት» ብንለው ያስኬዳል። ነገሩ ከተፈጥሮ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚኖር አንድ ረዥም ዓሣ ከ600 ቮልት በላይ ይለቃል፤ በ2019 ለይተው ባወቁት ዝርያው ላይ 860 ቮልት ተለክቷል። የዓባይ ወንዝም የራሱ ኤሌክትሪክ ዓሣ አለው፤ የጥንት ግብፆች ያውቁት ነበር። ደራሲዋ የምትሰጠው ምክንያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመርዝ ጋዝ ለመከላከል የተሠራ መድኃኒት ወደ ውሃ ገብቶ የሴቶችን አካል ለወጠ የሚል ነው። ልጃገረዶቹም ኃይሉን በእናቶቻቸው ሰውነት ውስጥ መቀስቀስ ይችላሉ።

ታሪኩን የምንከተለው በአራት ሰዎች ነው። ሮክሲ የለንደን ወንበዴ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 14 ዓመት ነው። ገዳዮች ወደ ቤቷ ገብተው እናቷን ሲገድሉ ኃይሏ ይነሣል። አሊ በአሜሪካ አገር ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ ስትገፋ ያደገች ልጅ ናት፤ አሳዳጊዋ ሊደፍራት ሲመጣ ትገድለውና ወደ መነኮሳይያት ገዳም ትሸሻለች፤ በኋላም በውስጧ የሚናገራትን ድምፅ እየሰማች «እናት ሔዋን» የተባለች ሰባኪ ትሆናለች። ማርጎት የአንዲት አሜሪካዊት ከተማ ከንቲባ ናት። አራተኛው ቱንዴ የሚባል የሌጎስ ወጣት ነው፤ የሚሆነውን ሁሉ ፎቶግራፍ እያነሣ ዓለምን ይዞራል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ መጽሐፍ ስለ ሴቶች ቁጣ ነው ይባላል። እኔ ግን በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምር እላለሁ። ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጠንቃቃ ነውና። እኛ ንዴት አለን፤ ቁጣ አለን፤ ኩርፊያ አለን፤ ቁጭት አለን፤ ቂም አለን። አባት ልጁን ተቆጣ እንላለን፤ አለቃ ሠራተኛውን ተቆጣ እንላለን። ቁጣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ የሚቆጣ ሰው የመቆጣት መብት ያለው ሰው ነው። ከታች ያለው ግን ይናደዳል። ነደደ ማለት ተቃጠለ ማለት ነው፤ የሚቃጠለውም ራሱ እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ሚስት በባሏ ላይ ስትከፋ ብዙ ጊዜ ተቆጣች አይባልም፤ አኮረፈች ይባላል። ኩርፊያ ማለት ድምፅ የተከለከለ ቁጣ ነው።

ይህን ይዘን መጽሐፉን ብናነብ የመጀመሪያው መቶ ገጽ ለምን እንደዚያ እንደሚጣፍጥ ይገባናል። አንባቢው የሚያየው ንዴት ወደ ቁጣ ሲለወጥ ነው። ሲነድ የኖረ ነገር ከሰውነት ወጥቶ ወደ ሌላው ይደርሳል። አሊ ዕድሜዋን በሙሉ የሰማችው ዝም በይ የሚል ቃል ነበር፤ በአንዲት ሌሊት ግን ዝምታው በእጇ በኩል ይናገራል። ደራሲዋ ይህን ስትጽፍ አታመነታም፤ አትሰብክም፤ ይቅርታም አትጠይቅም። በሴቶች ተጽፈው ባነበብኋቸው ብዙ መጻሕፍት ውስጥ የተናደደች ሴት በመጨረሻው ወይ ታብዳለች፤ ወይ ትሞታለች፤ ወይም ታገባለች። እዚህ ግን የተናደደችው ልጅ ተነሥታ ትሄዳለች።

ሁለተኛው መልካም ነገር የማርጎት ታሪክ ነው። ማርጎት ለአገረ ገዥነት ስትወዳደር በክርክር መድረክ ላይ ትዕግሥቷ ያልቅና ተቀናቃኟን በኤሌክትሪክ ትመታዋለች። ሁሉም አበቃላት ይላል። ሕዝቡም በአደባባይ ያወግዛታል፤ ድምፁን በሚሰጥበት ጊዜ ግን እርሷኑ ይመርጣል። ስለ ምርጫ ብዙ የተጻፈ ነገር አለ፤ ሰው በአፉ የሚጠላውን ብርታት በስውር እንደሚመርጠው ግን በእነዚህ ጥቂት ገጾች ያህል ቁልጭ ብሎ የታየበት ቦታ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው የቱንዴ ፍርሃት ነው። ቱንዴ በመጀመሪያ ደስተኛ፣ መልከ መልካም፣ በራሱ የሚተማመን ልጅ ነው። በዴልሂ በሕዝብ መካከል አንዲት ሴት ካጠቃችው በኋላ ግን መንገድ መምረጥ ይጀምራል። ማን ከኋላው እንዳለ ይመለከታል፤ በር ይቆልፋል። ወንድሞቼ፤ ይህን ክፍል ስታነቡ ምናልባት ደራሲዋ አጋነነች ትሉ ይሆናል። እኅቶቻችን ግን ምንም አዲስ ነገር አያገኙበትም። ሲመሽ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስታስቡ ወንዶቹ የምታስቡት ስለ ርቀቱ ነው፤ እነርሱ የሚያስቡት ስለ መብራቱ ነው። መጽሐፉ ይህን ልዩነት ለወንድ አንባቢ በአካሉ እንዲሰማው አድርጓል፤ ይህም በስብከት የማይገኝ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እመጣለሁ።

የመጀመሪያው ጉድለት ችኮላ ነው። ታሪኩ የተከፋፈለው ዓመታትን ወደ ታች በመቁጠር ነው፤ ዐሥር ዓመት ቀረ፣ ዘጠኝ ዓመት ቀረ እያለ ይሄዳል። ይህ አንባቢውን ያስሮጣል፤ ሰዎቹን ግን ያሳጥራል። በመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ሮክሲና አሊ ሰዎች መሆናቸው ይቀርና የደራሲዋን ሐሳብ የሚሸከሙ አህዮች ይሆናሉ። በመጨረሻ አካባቢ ያለውም የጭካኔ ብዛት አንባቢውን ከማስደንገጥ አልፎ ያደነዝዘዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ውጭ ያለው ዓለም እንደ ቲያትር መጋረጃ መሳሉ ነው። ቱንዴ ወደ ሪያድ ሲሄድ የሳዑዲ ሴቶች ተነሥተው በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥቱን ይገለብጣሉ። ከዚህ ሕዝብ መካከል ግን በስሟና በሐሳቧ የምናውቃት አንዲት ሴት እንኳ የለችም ለማለት ይቻላል። በሞልዶቫ የሚቋቋመው የሴቶች መንግሥትም እንዲሁ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ወይ ተበዳዮች ወይ አራጆች ሆነው ይታያሉ እንጂ ጎረቤትና ዘመድ ያላቸው ሰዎች ሆነው አይታዩም።

ሦስተኛው ጉድለት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ይኸውም የመጽሐፉ ትምህርት ራሱ ነው። መጽሐፉ በመጨረሻ የሚያስተምረን ኃይል ያገኘ ሁሉ ይባልጋል፤ ሴቶችም ኃይሉን ቢያገኙ ወንዶች ያደረጉትን ሁሉ ያደርጋሉ የሚል ነው። በሞልዶቫ የተቋቋመው መንግሥት ወንድ ያለ ሴት ጠባቂው ፈቃድ ከቤት እንዳይወጣ ሕግ ያወጣል። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደራሲዋ የምትሰጠው መልስ ስለሚችሉ ነው የሚል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እንደገና ወደ ቋንቋችን ልመለስ። የመጽሐፉን ርእስ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ወዲያው ይቸገራል። «ኃይል» ይበለው ወይስ «ሥልጣን»? እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ደራሲዋም በዚህ ድርብ ትርጉም ላይ መጽሐፏን በሙሉ ሠራችበት። ለእኛ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሬ ኃይል አለው፤ ሥልጣን ግን የለውም። የታመመ አሮጌ ዳኛ ብዕር ለማንሣት እንኳ ኃይል ላይኖረው ይችላል፤ ሥልጣን ግን አለው። ሥልጣን በክንድ ሳይሆን በወረቀት፣ በማኅተም፣ በርስት፣ በልማድና ሰው ሁሉ ይህ ነው ብሎ በተቀበለው ነገር ውስጥ ይኖራል።

ይህን ለማየት ደራሲዋ የመረጠችውን የሪያድን ከተማ ራሷን እንመልከት። በኅዳር ወር 1990 በሪያድ 47 ሴቶች መኪና እየነዱ በከተማው ወጡ። እነዚህን ሴቶች ያስቆማቸው የጡንቻ ማነስ አልነበረም፤ መሪ ለመያዝ ጡንቻ አያስፈልግም። ያስቆማቸው ሥልጣን ነው። ከሥራ የታገዱ ነበሩ፤ ፓስፖርታቸውን የተቀሙ ነበሩ። ሴቶች መኪና እንዲነዱ የተፈቀደው በሰኔ 2018 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፈቃዱ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በግንቦት 2018፣ ስለዚሁ መብት ሲሟገቱ ከኖሩት ሴቶች አንዷ ሉጀይን አል-ሐዝሉል ታሰረች፤ የተፈታችውም በየካቲት 2021 ነው። ከ21 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ያለ ወንድ ጠባቂ ፈቃድ ፓስፖርት እንድታወጣ የተፈቀደው በነሐሴ 2019 ነው። ልብ በሉ፤ መብቱም እገዳውም እስራቱም ከአንድ እጅ ወጣ። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን የእጅ መብረቅ በጥቂት ቀናት ሁሉን ይጨርሳል። እንዲህ ያለው ታሪክ ደስ ያሰኛል፤ የእነዚያን 28 ዓመታት ትዕግሥትና ብልሃት ግን ከዐይናችን ይሰውራል።

ጉዳቱም በዚህ አያቆምም። የሴቶች መበደል ምክንያት የወንድ ክንድ መጠንከር ብቻ ከሆነ በዳይ የለም ማለት ነው። ክንዱ የጠነከረ ሁሉ ይበድላል፤ ዛሬ እነዚህ ናቸው፤ ነገ እነዚያ ይሆናሉ። በዳይ ከሌለ ደግሞ ቁጣው ምን ቦታ አለው? ሰው በዝናብ አይቆጣም። ስለዚህ መጽሐፉ በመጀመሪያው ክፍል የለኮሰውን እሳት በመጨረሻው ክፍል ራሱ ያጠፋዋል። ቁጣውን ከትምህርቱ ጋራ ሳመዛዝን ቁጣው ልክ ነው፤ ትምህርቱ ግን ልክ አይደለም እላለሁ።

እንዲህ ስል አንዱ ወንድሜ ተነሥቶ፦ መጽሐፉ ምፀት ነው እኮ፤ ደራሲዋ መስታወት ገልብጣ አሳየችን እንጂ ሴቶች እንዲህ ያደርጋሉ አላለችም፤ ሊለኝ ይችላል። ክርክሩ ከባድ ነው። በእርግጥም በተገለበጠው ዓለም ወንዶች ላይ ሲደረግ የሚዘገንነን ነገር ሁሉ በእኛ ዓለም በሴቶች ላይ ሲደረግ የኖረ ነው፤ መዘግነናችንም ራሱ ይመሰክርብናል። በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን መስታወት የሚያሳየው መልክን እንጂ ምክንያትን አይደለም። ግፉ ምን እንደሚመስል አሳየችን፤ በምን እንደሚቆም ግን አላሳየችንም።

ከእርሷ በፊት የነበሩ ሴቶች ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ሞክረውታል። በ1905 ሮኬያ ሰኻዋት ሆሴን የምትባል የቤንጋል ሙስሊም ሴት «ሱልጣናስ ድሪም» የምትባል አጭር ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳተመች። በዚያች አገር ወንዶቹ በጓዳ ተዘግተው ይኖራሉ፤ ሴቶቹ በዩኒቨርሲቲያቸው ተምረው የፀሐይን ሙቀት አከማችተው ጠላትን ያባርራሉ። የሮኬያ ሴቶች ሥልጣን ያገኙት ከትምህርት ቤት እንጂ ከጡንቻ አይደለም፤ ደራሲዋም ራሷ በኋላ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1975 ደግሞ አሜሪካዊቱ ጆአና ራስ «ዘ ፊሜይል ማን» የሚለውን አወጣች። በእርሱ ውስጥ ጄል የምትባል የብረት ጥፍር ያላት ገዳይ ሴት አለች። ራስ ቁጣውን እንደ አልደርማን አላሮጠችውም፤ ከልዩ ልዩ ዓለም የመጡ አራት ሴቶችን አንድ ላይ አስቀምጣ እርስ በርሳቸው አሟገተቻቸው። ያ መጽሐፍ ከዚህኛው ይበልጥ ጥልቅ ነው፤ ለማንበብ ግን ይበልጥ ያስቸግራል። ለጀማሪ አንባቢ አልደርማንን አስቀድሜ የምሰጠውም ስለዚህ ነው።

ሆኖም አልደርማን ኃይልና ሥልጣን አንድ አለመሆናቸውን ጨርሳ አልዘነጋችውም። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን የምታሳይ አንዲት ነገር አለች፤ ከመብረቁ ሁሉ ይልቅ እኔን የነካችኝ እርሷ ናት። ቱንዴ ለብዙ ዓመታት ነፍሱን ለአደጋ እየሰጠ የሰበሰበውን ጽሑፍ ለአንዲት ወዳጁ ይልካል። እርሷም የሞተ መስሏት በራሷ ስም ታሳትመዋለች። መጽሐፉ በሙሉ ደግሞ ከአምስት ሺህ ዓመት በኋላ አንድ ኒል የሚባል ወንድ ደራሲ የጻፈው ሆኖ ነው የቀረበው። ኒል ጽሑፉን ለታዋቂዋ ደራሲ ለናኦሚ ይልካል። እርሷም በትሕትና ታመሰግነዋለች፤ በመጨረሻ ግን ሰዎች የወንድ ጽሑፍ ነው ብለው እንዳይንቁት በሴት ስም ብታወጣው ምን ይመስልሃል ትለዋለች።

እዚህ ላይ መብረቅ የለም፤ የተገደለ ሰውም የለም። ያለው በጥሩ ወረቀት የተጻፈ መልካም ደብዳቤ ነው። ሥልጣን ማለት ግን ይኸ ነው። የሚያስቅም የሚያስቆጭም ነው፤ በእኛ ዓለም በእውነት ሆኗልና። ጄምስ ቲፕትሪ በሚል የወንድ ስም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይጽፍ የነበረ ሰው ነበረ። በ1975 ሮበርት ሲልቨርበርግ የተባለ የታወቀ ደራሲ ለቲፕትሪ መጽሐፍ መቅድም ሲጽፍ ይህ ሰው ሴት ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን አጻጻፉ ፈጽሞ የወንድ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1977 ቲፕትሪ አሊስ ሼልደን የምትባል ሴት መሆኗ ታወቀ። አንድም ቃል ሳይለወጥ ያው ጽሑፍ የሴት ጽሑፍ ሆነ። በአገራችንም «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ተብሎ ሲተረት ኖሯል። የሼልደን ታሪክ ይህን ተረት ሳያውቅ ተረቱን የተረጐመ ነው፤ ሴቲቱ ዐወቀች፤ የሚሰማት ለማግኘት ግን በወንድ ስም መጨረስ ነበረባት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ወንድሞቼ፤ በስብሰባዎቻችን አንድ ወንድ ጠረጴዛ እየመታ ሲናገር ቆራጥ ነው እንላለን። አንዲት እኅታችን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ግን ተረጋጊ እንላታለን። የተናገረችውን ትተን አነጋገሯን እንመረምራለን። ይህን የምናደርገው ጡንቻችን ስለሚበልጥ አይደለም፤ በዚህ አዳራሽ ጡንቻ የሚያስፈልገው ነገር የለም። የምናደርገው ማን መቆጣት እንደሚገባውና ማን ማኩረፍ እንደሚገባው የወሰነ ያልተጻፈ ሕግ ስላለን ነው። ያልተጻፈውንም ሕግ የሚጠብቀው እያንዳንዳችን ነን። በእጃችን ስለ ሆነ ልናነሣው እንችላለን። እንደ ሳዑዲው ሕግ 28 ዓመት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ከሚቀጥለው ስብሰባ መጀመር ይቻላል። የተቆጣች ሴት ስትናገር መጀመሪያ የምንጠይቀው ለምን ጮኸች ብለን ሳይሆን ያለችው እውነት ነው ወይ ብለን ይሁን።

እኅቶቼ፤ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። መጽሐፉን አንብቡት፤ ተደሰቱበት፤ ሮክሲ ስትደባደብ ሳቁ። መብረቁ የሚያስደስተው የሌለን ነገር ስለ ሆነ መሆኑን ግን አስታውሱ። ያላችሁ ነገር ከዚያ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ይበልጥ የሚቆይ ነው፤ ይኸውም ስማችሁ፣ ብዕራችሁና በዚህ ማኅበር ውስጥ የምትሰጡት ድምፅ ነው። የምትጽፉትን በስማችሁ ጻፉ። ይህ ጋዜጣችን ገጽ አለው፤ ገጹም ባዶ ሆኖ የሚጠብቅ አይደለም፤ ካልያዛችሁት እኛ እንይዘዋለን። ኩርፊያችሁ ቁጣ እንዲሆን፣ ቁጣችሁም ክርክር እንዲሆን እንጠብቃለን።

መጽሐፉ እጅ ለእጅ እየተላለፈ እንዲነበብ፤ ከዚያም በሌላ ቀን አንዲት እኅታችን እዚህ ቦታ ላይ ቆማ የተናገርሁትን ሁሉ እንድታፈርሰው ምኞቴ ነው።